ለልጃችን የመዋዕለ ሕጻናት መምህርት የቀረበ ምስጋና

ልጃችንን ከሦስት ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ተቀብለው ላስተማሩልን መምህርት በራሴና በባለቤቴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ልጁ ፊደል ለይቷል፣ መቁጠርም ችሏል፤ ይህን ግን ከሌላ መምህርም ሊማረው ይችል ነበር። እርሳቸውን ለሌሎች ወላጆች እንድጠቁም ያደረገኝ ሕጻናት ሲጣሉና ሲያለቅሱ የሚይዙበት መንገድ ነው።

ወላጆች ክፍል ገብተን እንድንከታተል በተፈቀደልን ዕለት፣ ልጃችን በእንጨት ጡቦች የሠራውን ግንብ ሌላ ሕጻን ገፍቶ ጣለበት፤ ልጃችንም ሊመታው እጁን አነሣ። መምህርቷ አልጮኹም። በርከክ ብለው እጁን በቀስታ ያዙና «ግንብህ ስለፈረሰ ተናደሃል፤ መናደድ ይቻላል፣ መምታት ግን አይቻልም» አሉት፤ ትንፋሹ እስኪረጋም ዝም ብለው ጠበቁ። ሌላውን ልጅ «ይቅርታ ጠይቅ» ብለው ቢያስገድዱት ነገሩ ቶሎ ባለቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ፊቱን እየው፤ ምን የተሰማው ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጥቂት አመነታና ከወደቁት ጡቦች አንዱን አንሥቶ ለልጃችን ሰጠው።

ስሜትን ለመግታት የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ማደጉን ስለማያቆም፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሕጻን ራሱን ማረጋጋት የሚለምደው የተረጋጋ አዋቂ አጠገቡ ሲኖር ነው። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ፍሬ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ጥናት 123 የድኻ ቤተሰብ ልጆችን የተከታተለ ሲሆን፣ የቅድመ መደበኛ ትምህርቱን ያገኙት ልጆች በአእምሮ ፈተና ያሳዩት ብልጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደብዝዟል፤ በ40 ዓመታቸው ግን ትምህርቱን ካላገኙት ይልቅ ሥራ ያላቸው በዝተው፣ በተደጋጋሚ የታሰሩት ደግሞ አንሰው ተገኝተዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቻቸው ልዩነቱን በአብዛኛው ከጠባይና ከማኅበራዊ ክህሎት ጋር ያያይዙታል። ጥናቱ ትንሽ መሆኑ አይካድም፤ ያም ሆኖ በቤታችን ካየነው ጋር ይስማማል፤ ልጃችን አሁን ታናሽ እኅቱ ስታስቆጣው «ተናድጃለሁ፣ ትንሽ ተዪኝ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል።

መምህርቷ የጽሑፍ ሪፖርት በመላክ ረገድ እምብዛም ትጉ አይደሉም፤ ነገር ግን ልጁን ስንወስድ በር ላይ የሚነግሩን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ሪፖርት ይበልጥ ጠቅሞናል።

መዋዕለ ሕጻናት ለምትመርጡ ወላጆች፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ይልቅ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ማን እንደሚጠጋውና ምን እንደሚለው ተቀምጣችሁ እንድትመለከቱ እመክራለሁ። መምህራኑ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩም ጠይቁ፤ የሚያምነው ሰው በየጊዜው የሚቀያየርበት ሕጻን ለመረጋጋት ይቸገራልና። የእኚህን መምህርት ስም በይፋ እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለጠየቁኝ፣ ለሚፈልግ ወላጅ በግል እነግራለሁ።