የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ለኪራይ፦ የሚሰጠውና የሚጎድለው

አዲስ አበባ ላይ ብቻውን የሚኖር ሰው ወይም አዲስ ተጋቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስቱዲዮ ነው። ጀሞም ይሁን ሰሚት፣ የካ አባዶም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ የ20/80 (ገዢው 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚገዛው የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ስቱዲዮ ብዙም አይለያይም፦ አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ ማብሰያ፣ ሽንት ቤትና ሻወር አንድ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ካሬ የማይሞላ። ግቢ ውስጥ ካለች ሰርቪስ ክፍል የሚበልጠው የራስ በር፣ የራስ ሽንት ቤትና የራስ ቆጣሪ ስላለው ነው። ማታ ስንት ሰዓት እንደገባችሁ የሚቆጣጠር አከራይ የለም። ለዚህ ነፃነት ጥበቱን መቻል ያዋጣል። ግን እያንዳንዱ ስቱዲዮ ለተጠራበት ዋጋ አይበቃም።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ደላላው የሚነግራችሁን ካሬ ትታችሁ እግር የሚረግጠውን ለኩ፤ ከዚያ ኪራዩን አካፍሉት። ለምሳሌ 25 ካሬ ስቱዲዮ በ14,000 ብር ቢባል ካሬው 560 ብር ይመጣል፤ 40 ካሬ ባለ አንድ መኝታ በ20,000 ቢገኝ 500 ብር ነው። ስቱዲዮ በጠቅላላው ይቀንሳል እንጂ በካሬ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ሁለት ሆናችሁ የምትከራዩ ከሆነ ይህን ሒሳብ ሳትሠሩ አትወስኑ።

ዕቃውንም እዚያው አስቡት። ሜትር ከሃምሳ አልጋ፣ 60 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ከዚያ ለመተላለፊያ ቢያንስ 60 ሳንቲ። ሜትር ከሃያ አልጋ ያን 30 ሳንቲ ያተርፋል፤ ጠረጴዛ የሚገባውም በዚያ ነው። ቁም ሳጥን ስትገዙ ተፈታቶ የሚገጠም ይሁን፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ባለ ሦስት በሩን አያሳልፍም። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው፤ መደርደሪያ በሚስማር ብቻ አይቆምም፣ ተራ ፊሸርም ባዶው ላይ ከወደቀ ይሽከረከራል። ከባድ ነገር መስቀል ካለባችሁ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ወይም ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ውሃ ነው። ብዙ ቦታ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ላይደርስ ይችላል። «ውሃ አለ?» ብላችሁ አከራዩን ከምትጠይቁ፣ እዚያው ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት «በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠንቀቅ ብሎ የሚጠቀም ሰው በቀን 40 ሊትር ይበቃዋል ብንል፣ ሁለት ሰው ለሦስት ቀን 240 ሊትር ይፈልጋል። ይህ 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ወለል ላይ ከተደረደረ ቤቱን ያጣብባል። 200 ሊትር በርሜል ሻወሩ ጥግ ላይ ይሻላል። 500 ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ አታስቀምጡ፤ ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው፣ ያውም ጠባብ ቦታ ላይ ያረፈ።

ምድር ቤት ውሃ ቶሎ ያገኛል፣ ፍሳሹ ግን የሚመለስበትም እሱ ነው። ማንሆሉ በጨርቅ ወይም በስብ ሲደፈን ከላይ የሚለቀቀው ሁሉ ዝቅ ወዳለው መውጫ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ የምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው። ሰድሉ ላይ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የቀረ ጥቁር መስመር ካያችሁ ያ ነገር ደርሷል። የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ክረምት ያፈሳል። እኛ የምንመርጠው አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ጥቂት መቶ ብር ቢጨመርበትም።

ሻወሩን በባልዲ ፈትኑት። ግማሽ ባልዲ ውሃ በሩ አጠገብ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ማፍሰሻው ካልወረደ ወለሉ ተዳፋት አልተሰጠውም ማለት ነው፤ በታጠባችሁ ቁጥር ውሃው ወደ አልጋው ይመጣል። ቤቱ ቆይቶ ባዶ ከነበረና ከሸተተ ግን ቶሎ አትሽሹ፤ ማፍሰሻው ውስጥ ሽታ የሚያግደው ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ውሃ አፍስሳችሁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመለሱ፤ ያኔም ከሸተተ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው።

መብራት ላይ ዋናው ጥያቄ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 16 አምፔር መሆኑ ነው። 16 አምፔር ብሬከር ላይ ምጣዱና ስቶቩ አብረው ከተሰኩ ይወድቃል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስፈራው የማይወድቀው ነው። አንድ ሰው ብሬከሩን በትልቅ ቀይሮ ሽቦውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከተወው ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ሶኬቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ቀዳዳው ዙሪያ ቡኒ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ካበጠ ምጣድ ተሰክቶበታል። ለምጣድ ከቆጣሪው ቀጥታ የመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይኑር፤ በዲቫይደር በፍጹም። እንፋሎቱም ልብስና ፍራሽ ላይ ስለሚያርፍ፣ ብሎኩ አጠገብ ያለው የጋራ ማብሰያ እስካሁን ለነዋሪ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ውሉን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከተከራዩ ጎን ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አለማነስ አለበት፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል አከራይ ሕጉን እየጣሰ ነው። ዋጋ አሳንሶ ውሉ ላይ ጽፎ ቀሪውን በእጅ ለሚጠይቅም እሺ አትበሉ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅ የሰጣችሁት ብር ማስረጃ የለውም። ክፍያ በባንክ ይሁን። ብር ከመልቀቃችሁ በፊት የቤቱን ካርታ ወይም ቤቱን የተረከቡበትን ውል ከመታወቂያ ጋር አመሳክሩ፤ የሚያከራየው ሌላ ሰው ከሆነ ውክልናውን እዩ። አንዱን ቤት ለሦስት ሰው አከራይቶ ቅድመ ክፍያውን ይዞ የሚጠፋ አለ፣ የሚያታልለውም ሰው መቸኮሉን አይቶ ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር አከራዩ ባለበት ፎቶ አንሱት።