ንስሩ እውነቱ ይበቃዋል፦ ከእንስሳት ጠባይ ስለሚያስተምር አንድ የጥሞና መጽሐፍ

ባለፈው አንድ ወር ምሽት ምሽት ከቤተሰቤ ጋር ያነበብኩት የጥሞና መጽሐፍ 31 አጫጭር ንባቦችን የያዘ ሲሆን፣ በየዕለቱ አንድ እንስሳ ይመርጥና ከጠባዩ ለክርስቲያን ሕይወት የሚሆን ትምህርት ያወጣል። አካሄዱ ጥንታዊና የተከበረ ነው፤ ኢዮብ እንስሳትን ጠይቁ፣ ያስተምሯችኋል ብሏል (12፥7)፤ ጌታም ስለ ነገ ለሚጨነቁት የሰማይን ወፎች አሳይቷል። የመጽሐፉንና የአዘጋጁን ስም የማልጠቅሰው፣ ከዚህ በታች የምነቅፈው ስሕተት የዚህ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በብዙ ስብከቶች ውስጥ የሚሰማ በመሆኑ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የገብረ ጉንዳንን ንባብ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ (6፥6-8) ታካቹን ሰው ወደ እርሷ ሲልከው፣ አለቃና አዛዥ ሳይኖራት መብሏን በበጋ እንደምታሰናዳ ይነግረዋል፤ አዘጋጁም ይህን ቃል በጥንቃቄ ይዞ፣ የጉንዳኖች ንግሥት እንቁላል ከመጣል በቀር ትእዛዝ እንደማትሰጥ፣ እያንዳንዷ ሠራተኛ የሌሎቹን የሽታ ዱካና በመንገድ ያገኘቻቸውን ጓደኞቿን እየተከተለች ሥራዋን እንደምታገኝ ያስረዳል። እኔ የምጨምርለት አንድ ነገር አለ፦ የቀዝቃዛ አገር ጉንዳኖች እህል ስለማያከማቹ፣ አንዳንድ የአውሮፓ ሊቃውንት የሰሎሞንን ምሳሌ ይጠራጠሩ ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞግሪጅ የተባለው ተመራማሪ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያያቸውን፣ ዘር ሰብስበው ከመሬት በታች በጎተራ የሚያኖሩ ጉንዳኖች ገልጾ ከጻፈ በኋላ ግን ጥርጣሬው ተወገደ። ንባቡ የሚዘጋው «ማንም በማያይህ ሰዓት ምን ትሠራለህ?» በሚል ጥያቄ ነው፤ በቤታችን ከወሩ ሁሉ ረጅሙን ዝምታ ያመጣው ይህ ጥያቄ ነበር።

የንቧ ንባብም አጭር ቢሆንም ደህና ነው። በበጋ የምትሠራ ንብ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ የምትኖር በመሆኗ፣ ለክረምት የሰበሰበችውን ማር የሚበሉት ሌሎች ናቸው፤ አንዱ ይዘራል፣ ሌላውም ያጭዳል የሚለው የዮሐንስ ወንጌል ቃል (4፥37) እዚህ ላይ ቦታውን አግኝቷል።

በበጎቹ ላይ ግን መጽሐፉ መሰናከል ይጀምራል። መልካም እረኛ የምትቅበዘበዘውን ግልገል እግር ሰብሮ እስክትድን ድረስ በትከሻው ይሸከማታል የሚለው ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ የሉቃስ ወንጌል እረኛ የጠፋችውን ሲያገኛት ደስ ብሎት በጫንቃው ይሸከማታል እንጂ አይሰብራትም። በዚያ ፋንታ እውነተኛው ነገር ምን ያህል በበቃው ነበር! በ2001 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚያስታውሱ ታይቷል። በጎቹ ድምፁን ያውቃሉ ለሚለው ቃል (ዮሐንስ 10) ከዚህ የሚሻል ማብራሪያ ከየት ይመጣል?

ዘጠነኛው ቀን የንስር ነው። አንባቢዎቼ ታሪኩን ሳይሰሙት አይቀሩም፦ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ወደ ተራራ ወጥቶ ምንቃሩን ከዓለት ጋር እያጋጨ ይነቅላል፣ አዲስ ሲያበቅል ጥፍሩን፣ ቀጥሎም ላባውን ይነቅላል፣ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ይኖራል ይባላል። እንዲህ ያለ ንስር የለም። የዱር ንስሮች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት ቢኖሩ ነው፤ ምንቃርና ጥፍር እንደ እኛ ጥፍር ዕድሜ ልክ እያደጉ የሚታደሱ ናቸው፤ ምንቃሩ ከሥሩ የተነቀለ ንስር የሚጠብቀው ረኀብና ሞት ነው። ላባውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱን ስለሚቀይር፣ በትልልቆቹ ንስሮች ሙሉ ቅያሬው ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ግን መብረሩንና ማደኑን አያቋርጥም። መዝሙረኛው ጐልማስነት እንደ ንስር ይታደሳል ሲል (103፥5)፣ እኔ የማስበው ይህን ዝግተኛ መታደስ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል ካለው (2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16) ጋርም ይስማማል።

ስለ ኢሳይያስ 40፥31ም ቢሆን እውነተኛው ንስር የበለጠ ያስተምር ነበር። ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ በማርገብገብ ብቻ ቢወጣ ቶሎ ስለሚደክም፣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ምድርን አሙቃ አየሩ ሽቅብ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ ያለ ብዙ ድካም ይንሳፈፋል። ነቢዩ በክንፍ ይወጣሉ ያላቸው እግዚአብሔርን የሚጠባበቁት ናቸው። አዘጋጁ ይህን የመሰለ ትምህርት በእጁ ሳለ ምንቃር ሲያስነቅል መዋሉ ያሳዝናል።

የዱር ዝይዎች ንባብም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። ተሰልፈው በመብረራቸው ርቀታቸው በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል የሚለው ቁጥር የመጣው በ1970 ከቀረበ የንድፈ ሐሳብ ስሌት እንጂ ወፎችን ለክቶ ከተገኘ ውጤት አይደለም። ተሰልፈው የሚበሩ ወፎች ጉልበት እንደሚቆጥቡ ግን በፔሊካኖች የልብ ምት ላይ በተደረገ መለካት ታይቷልና ትምህርቱ ያለ ቁጥሩም ይቆማል።

«ምሳሌ ስለሆነ ለምን ታጠብቀዋለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ አባቶች ያነበቡት፣ ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍም ሞቶ የተወለደ የአንበሳ ደቦል በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ይናገራል ብሎም ይሞግተኛል። ሙግቱ ክብደት አለው። ነገር ግን የጥንቱ ጸሐፊ በዘመኑ የሚታመነውን ተቀብሎ የጻፈ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ በየገጹ «ሳይንስ እንዳረጋገጠው» እያለ ያልተረጋገጠውን ያቀርባል። ይህን ያነበበ ወጣት አንድ ቀን የንስሩን ታሪክ ሐሰትነት ሲደርስበት፣ አብሮት የተነገረውን ወንጌልም እንዳይጠራጠር እፈራለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ አዘጋጁ የሚያስቸግሩ ጠባዮችን ሁሉ መዝለሉ ነው። ጥቁር ንስር ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ግን ታናሹን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደብድቦ ይገድላል ለማለት ይቻላል፣ ወላጆቹም አይከለክሉትም። ተመራማሪዎች ለዚህ ጠባይ ያወጡለት ስም ከቃየን የተወሰደ ነው። ልጄ ይህን በቪዲዮ አይታ «ከዚህስ ምን እንማር?» ብላ ብትጠይቀኝ መጽሐፉ አንድም ገጽ አላገዘኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ግን ከእንዲህ ያለው ነገር አይሸሽም፤ በኢዮብ 39 ሰጎን እንቁላሏን በምድር ላይ ትታ የምትሄድ፣ ጥበብም ያልተሰጣት ሆና ትታያለች። ሁሉም እንስሳ አርአያ እንዲሆን አልተጠየቀም።

ኅትመቱ ጥሩ፣ ፊደሉም ለአዛውንት ዓይን የሚመች ነው፤ ሥዕሎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ጭልፊቱም ንስር ተብሎ ተሥሏል። ከልጆች ጋር ለማንበብ የሚፈልግ ወላጅ እያንዳንዱን ንባብ አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል። እኛ በሚቀጥለው ወር ከመጀመሪያው ልንደግመው አስበናል፤ የዘጠነኛውን ቀን ገጽ ዘለን፣ ለገብረ ጉንዳኗ ሁለት ምሽት ልንሰጣት ተስማምተናል።