ጅማ ላይ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ያላችሁ፣ ቢት ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ሰው ጠይቁ

ሰላም የጅማ ልጆች። ይሄ የማሽን ቢት ለሚሞርዱልንና ለሚያገኙልን አንድ ጋሼ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በኮምፒውተር የሚታዘዝ አነስተኛ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ቤታችን ያስገባን ሰዎች አለን። አንዱ ረከቦት ይሠራበታል፣ ሌላው የበር ጌጥ፣ ሌላው ለሰርግ የሚሰጥ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ዋንዛ ላይ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው የምቀርጸው። በርጩማ የሚያክል የእንጨት ጥበብ ባለበት ከተማ በማሽን መቅረጽ አንዳንድ ሽማግሌ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን እንጀራ ነው።

ለማሽኑ አንዴ ከፍለን ተገላገልን። የማያልቀው የቢት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ታስሮ እየዞረ እንጨቱን የሚቆርጠው የቀጭኑ ስለት ወጪ ነው። ይደነዝዛል፣ ይሰበራል፣ መብራት ሥራ መሃል ይጠፋና ቢቱ እንጨቱ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ መነሻውን አያስታውስም። ዜሮውን እንደገና ሳያስተካክል «ቀጥል» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ድምፅ «ቀጭ» ነው።

አዲስ ለመግዛት ደግሞ አምራቹ የራሱን ስም የለጠፈበትን ቢት ያሳያችኋል። ዋጋው ልብ ያደርቃል። ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን አለ፣ መጠበቅ አለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ «የዚህ ማሽን ቢት ከእኔ በቀር የትም የለም» ብሎ በጠራልኝ ዋጋ ጥሩ በግ ይገዛ ነበር።

ጋሼን የጠቆሙኝ የቶርኖ ቤት ልጆች ናቸው። ጋሼ ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ አደራቸውን እጠብቃለሁ። ያሉት ሄርማታ መርካቶ ነው፣ በብረት በያጆቹ በኩል፣ በትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ። «የሚሞርዱት ጋሼ» ካላችሁ ልጆቹ እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል። የአናጺ መጋዝ፣ የሥጋ ቤት ቢላ፣ የፍሬዛ ስለት፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ይመጣል። የእኛን ቀጫጭን ቢቶች መሞረድ የጀመሩት ግን ወጣቶቹ ማሽን ማስገባት ሲጀምሩ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የማሽኑን ስም ልነግራቸው ስል በእጃቸው ቆይ አሉኝ። ካሊፐራቸውን ከኪሳቸው አወጡና የቢቱን ዘንግ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ ለኩ። 3.175 ሚሊ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አንድ ስምንተኛ ኢንች ነው። ዓለም በሙሉ የሚሠራው ልክ ነው። ስሙን ነው የሸጡልህ።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች ቢቱን የሚይዙት በኮሌት ነው፣ ዘንጉን ዙሪያውን ጨምቆ በሚይዝ ትንሽ ብረት። ኮሌቱ ደግሞ የአምራቹን ስም አያነብም፣ የዘንጉን ውፍረት ብቻ ነው የሚያውቀው። ኢአር 11 የሚባለው የኮሌት ዓይነት፣ ትንንሾቹ ማሽኖች ላይ የሚበዛው፣ ኮሌቱን በመቀየር ብቻ ከ1 እስከ 7 ሚሊ ያለ ዘንግ ይይዛል። ስለዚህ የ6 ሚሊ ኮሌት ከገዛችሁ የ6 ሚሊ ዘንግ ያለው ማንኛውም የእንጨት ቢት የእናንተ ነው። እዚህ ላይ ግን 3 ሚሊ እና 3.175 ሚሊ ለዓይን አንድ ናቸው። በልኩ 3 ሚሊ የሆነ ኮሌት ውስጥ 3.175 አይገባም። በዓይን ገምቶ መግዛት የለም፣ መለካት ነው። የጥርስ ሐኪም ቢትም ያው ነው፣ ስታዩት ያምራል፣ ዘንጉ ግን ብዙ ጊዜ 2.35 ወይም 1.6 ሚሊ ነው፤ የራሱን ኮሌት ይፈልጋል።

ጋሼ አዲስ አበባ ዘመድ አላቸው። ምናለሽ ተራና መርካቶን አስሶ ያገኘውን በአውቶቡስ ይልክላቸዋል። ከሚመጣው ሁሉ እኔን የጠቀመኝ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ቦርድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የካርባይድ፣ ከብረት በጣም የጠነከረ ነገር፣ ቢት ነው። ፋብሪካዎቹ ዘንጉ 3.175 የሆነ ቢት በገፍ ይጠቀማሉ። ተጠቅመው የሚያወጡት እንደገና ተስሎ በርካሽ ይሸጣል፣ አስር አስሩ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ አንገቱ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው። አንድ ሳጥን ሙሉ ያ ነጋዴ ለአንዱ ከጠራልኝ በታች ነው የገዛሁት።

ሳጥኑን ሲሰጡኝ ግን ክዳኑን ከፍተው አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሱ። የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተዋል። ሦስቱን ለይተው ወደ ጎን አደረጉ። «እነዚህ መብሻ ናቸው። ወደ ታች ብቻ ነው የሚበሱት፣ ወደ ጎን ከገፋሃቸው ይሰበራሉ።» እውነት ነው፤ የመብሻ ቢት የሚቆርጠው ጫፉ ላይ ነው፣ መቅረጫው ግን ጎኑም ስለት ነው። ሩቅ ሆኖ ላየው ሁለቱም ጠመዝማዛ ነው። ሌላ ሻጭ ቢሆን አስሩንም ቆጥሮ ብሩን ይቀበል ነበር። እሳቸው የሰባቱን ብቻ ተቀበሉ።

ወደ መሞረዱ ልምጣ። የቆየውን ቢት መጣል ቀርቷል ማለት ይቻላል፣ ግን ሁሉም አይሞረድም። ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። ኤች ኤስ ኤስ የሚባለው የመቁረጫ ብረት ከሆነ በተራ ድንጋይ ይሳላል። ካርባይድ ከሆነ ተራው ግራጫ ድንጋይ አይነካውም፣ የአልማዝ ወይም አረንጓዴው ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ እሳቸው ጋ ሁለቱም አለ። ካርባይድ ሲሞርዱ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ፣ ልጆቹንም ከሱቁ ያስወጣሉ፣ ምክንያቱም ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ለትልልቆቹ ሁለት ስለት ላላቸው የፍሬዛ ቢቶች የሚነኩት በውስጥ በኩል ያለውን ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ነው። የውጭውን ጠርዝ ከነኩት ቅርጹም ልኩም ይበላሻል። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደውን፣ የፊት ገጽታና ቅጠል የምንጨርስበትን ድቡልቡል ጫፍ ቢት ግን በእጅ አይሞርዱም። «ልሞርድልህ እችላለሁ፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትቀርጸውን ሰው እናቱም አታውቀውም» አሉኝ።

የተሞረደውን ቢት በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ነው የሚመልሱት። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ አዲሱ የስለቱ ውፍረት ተጽፏል። 3.175 የነበረው 3.1 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ይህን ቁጥር ሶፍትዌሩ ላይ ካላስገባችሁ ሥራችሁ በየጠርዙ ይዛነፋል። የእኛን ዓይነት ማሽን ነክተው የማያውቁ ሰው ይህን ማሰባቸው ይገርመኛል።

አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ወጣት አናጺ በንዴት መጣ። ቢቱ ደንዝዟል፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ አዲስ ስጡኝ አለ። ጋሼ ቢቱን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ጎተቱት። ጥፍሩን ላጨው። «አልደነዘዘም» አሉና ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣሉት። ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ቆየ። አውጥተው በናስ ብሩሽ ሲያሹት የተጋገረው የእንጨት ሙጫ ጥቁር ሆኖ ተላጠ፣ ከሥሩ ስለቱ አበራ። ልጁ ሒሳብ ሲል «ለነጭ ጋዙ ነው የምትከፍለኝ?» ብለው ሸኙት። ያን ቀን አንድ ቢት ሊሸጡ ይችሉ ነበር።

ሌላም ጠባይ አላቸው። ደንበኛ ቢት ቶሎ ይደነዝዝብኛል ካለ «ሰጋቱራህን አምጣ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ከላመ ቢቱ እንጨቱን እያሻሸ ነው ማለት ነው፣ ሙቀቱም ስለቱን ይጨርሰዋል። ፍቅፋቂ ከሆነ እየቆረጠ ነው። የሚገርመው መፍትሔው ነው፤ ወይ የማሽኑን ጉዞ ማፍጠን ወይ የቢቱን ዙር መቀነስ። ብዙ ሰው ቢት እንዳይጎዳ ብሎ ጉዞውን ያዘገያል፣ እሱ ነው ቶሎ የሚገድለው። እንጨቱም ይለያያል። ዋንዛ ቢት አይጎዳም፣ ወይራ ግን ይፈትናል፤ ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ፣ ደግሞ በውስጡ ባለው ሙጫ ምክንያት ኤች ኤስ ኤስን ቶሎ ይበላዋል፣ ለእሱ ካርባይድ ያዙ።

እንከን የለሽ ናቸው እንዳልል፣ ጋሼ ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው። «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ ሂዱ። ስልክ አያነሱም። ዓርብ እኩለ ቀን ለጁምዓ ስለሚዘጉ ያኔ ሄዳችሁ በር አትደብድቡ። ዋጋ ላይ ደግሞ አትከራከሯቸው፣ የሚጠይቁት ያሳፍራችኋል፣ ትንሽ ነው። እዚህ የማልጽፈው እንደ ቢቱ ዓይነትና እንደ ድካሙ ስለሚለያይ ነው። እኔ በበኩሌ በአንድ አዲስ ቢት ዋጋ ብዙ ቢት አስሞርጄበታለሁ።

ጋሼ ይህን እንደማያነቡ አውቃለሁ፣ ልጃቸው ግን ያነብላቸዋል። እና ጋሼ፣ ገለቶማ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለስንት ልጅ ሥራ እንዳይቆም እንዳደረጉ እርስዎ አይቆጥሩትም፣ እኛ ግን እናውቃለን።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ቢቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ኮሌቱንም ፍቱና ውሰዱ፣ ሳትጠርጉት። ውስጡ የተጠቀጠቀውን ብናኝ ማየት ይፈልጋሉ፤ ቢት ያለምክንያት የሚሰበረው አንዳንዴ በእሱ ነው፣ ቢቱ ዘንበል ብሎ ስለሚያዝ። ከተቻለ በዚያ ቢት የተቀረጸ ቁራሽ እንጨትም ጨምሩ። መንገዱ የጠፋበት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እመራዋለሁ። የድቡልቡል ጫፍ ቢት በደህና ዋጋ የሚያገኝ ሰው ካለም ኮሜንት ላይ ይጠቁመን፣ እሱን እስካሁን ጋሼም አላገኙልንም።