የልጆች የምሳ ዕቃ፦ ዳቦ በእንቁላል ወይስ ፍርፍር?

ዳቦ በእንቁላል ጠዋት ቶሎ ይደርሳል፤ ልጅንም አጥግቦ ያውላል። ነገር ግን የባሕር ዳር ሙቀት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክፉ ነው፤ በተዘጋ ዕቃ እስከ ምሳ ሰዓት የቆየ እንቁላል ያሰጋኛል። በጾም ቀን ደግሞ ለጿሚ ልጅ አይሆንም።

እኔ የማደላው ለሽሮ ፍርፍር ነው። ሽሮውን ጠዋት ቀጠን አድርጌ አንተክትኬ የጤፍ እንጀራ እፈረፍርበታለሁ፤ ዘይት አላበዛም። ክዳኑን የምገጥመው በረድ ሲል ነው፤ ትኩሱን ከዘጉት ላብ ይመታውና ይበላሻል። ጤፍ ብረት አለው፤ አብሮት ብርቱካን ወይም ማንጎ ሲበላ ቫይታሚን ሲው ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አትላኩ፤ ብረቱን ያስቀራል። ፍሬውን ለብቻው ቋጥሩት።