ለኪራይ ከሆነ ቪላ ወይስ ኮንዶሚኒየም?

ከዋሽንግተን የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «አዲስ አበባ ላይ የሚከራይ ቤት ልገዛ ነው፤ ቪላ ይሻለኛል ኮንዶሚኒየም?» ሁለቱንም ለዓመታት አከራይቻለሁ። ኮንዶሚኒየም ግዙ።

ባለፈው ወር ከአንድ ወዳጄ ጋር ሰሚት አካባቢ ስንዞር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም 6 ሚሊዮን ተኩል፣ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ቪላ ደግሞ 28 ሚሊዮን ብር ተባልን። ኪራያቸው በወር 25 ሺህ እና 70 ሺህ ነው። በቪላው ዋጋ አራት ኮንዶሚኒየም ተገዝቶ በወር 100 ሺህ ይገኛል፤ 2 ሚሊዮን ብርም ይተርፋል። ለግቢው አበባ ሲባል በየወሩ 30 ሺህ ብር መተው ለእኔ አይገባኝም። ደግሞ ቪላ ተከራይ ሲለቅ ሳንቲም አይገባም፤ የእኔው አንድ ጊዜ አምስት ወር ተዘግቶ ከርሟል።

ጥገናውንማ አታንሱብኝ። ጣሪያ ሳስቀይር ሻጩ ባለ 28 ጌጅ ነው ብሎ 32 ቆርቆሮ ሸጠልኝ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አውቃለሁ፤ ግን ማን ለካው? ሐምሌ ላይ ተከራዬ ጠርተውኝ ስደርስ የሳሎኑ ኮርኒስ ሆዱን ነፍቶ ያንጠባጥባል። ከጓሮ የተረፈውን ቁራጭ አንስቼ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ካርቶን ታጠፈ። አሸንዳው፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫው፣ የውጭ በሩም ሁሉ በአንድ ሰው ኪስ ነው።

ኮንዶሚኒየምም ጣጣ አያጣም። በርካሽ የገዛሁት የሚያብረቀርቅ ቧንቧ በሦስተኛ ወሩ አንገቱ ተሰብሮ ከሥር ያሉትን ጎረቤት ቤት አጥለቀለቀ፤ ኮርኒሳቸውን ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ የምገዛው በእጄ መዝኜ ነው፤ ነሐሱ ይከብዳል፣ ማስመሰያው ይቀላል። ፎቅ ስትመርጡም አንደኛ ወይም ሁለተኛ ይሁን። የፍሳሽ መስመር ሲደፈን የሕንፃው ጉድ ሁሉ የሚወጣው በምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው፤ አራተኛው ላይ ደግሞ ውኃው አቅም አጥቶ ይቀራል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ከወጣ ወዲህ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። የስድስት ወር ኪራይ ተቀብሎ ጣሪያ ማደስ ቀርቷል።

ቪላ የምመክረው ተመልሶ ራሱ ሊኖርበት ላሰበ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ክረምት ላይ መጥቶ ይየው፤ በበጋ የሚያፈስ ጣሪያ አይቼ አላውቅም።