ኪያንቲ ወይስ ሉካ? በጣሊያኗ ቶስካና ቪላ ለሚከራዩ

«ፍሎረንስ አጠገብ» የሚል የቪላ ማስታወቂያ ያገኘ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ የኪያንቲ ኮረብታ ይሻላል ወይስ የሉካ ሜዳ? ከአያት እስከ ሕፃን ተሰባስቦ ለሚሄድ ቤተሰብ ሉካ ይሻላል። ኪያንቲ ወይን ለሚወዱና ማሽከርከር ለማይሰለቻቸው ጥንዶች ይሁን።

የኪያንቲዋ ከተማ ግሬቬ ከፍሎረንስ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ባቡር የላትም። ብዙዎቹ ቪላዎች ደግሞ ከአስፋልት ወጥቶ በሚገባ ኮረኮንች ላይ ናቸው፤ ጣሊያኖች «ስትራዳ ቢያንካ» ይሉታል። ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን በድንጋይ ይመታል፤ ጎማና የመኪና ሆድ ደግሞ በብዙ የኪራይ መኪና መድን አይሸፈኑም።

በማርሊያ፣ በሴግሮሚኞና በካሚሊያኖ ያሉ ቪላዎች ግን ከሉካ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁ ነው። ባቡር ጣቢያው ከከተማው ግንብ ደቡብ በኩል ስለሆነ መኪናን ከግንቡ ውጭ አቁሞ ፒሳ በግማሽ ሰዓት፣ ፍሎረንስ በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም መድረስ ይቻላል። ይህ ገንዘብም ያድናል። በፍሎረንስ መሀል በካሜራ የሚጠበቀውን «ዜድ ቲ ኤል» የተባለ፣ ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበትን ክልል ያለፈ ቅጣቱ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ መኪና አከራዩም አድራሻ ለሰጠበት የራሱን ያስከፍላል። በቢ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ሹፌሩን ጨምሮ 9 ሰው የሚጭን ነው። አሥረኛ ሰው ካለ ኪያንቲ ላይ ሁለተኛ መኪናና ሁለተኛ ሹፌር ግድ ነው፤ ሉካ ላይ ባቡሩ ይሸከመዋል። የኢትዮጵያ ወይም የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያለው ዓለም አቀፉን ፈቃድ ከአገሩ ሳይወጣ ያውጣ።

ዋጋው ላይ ጥርስ መንከስ ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ሙሉ ሒሳብ አይደለም። 10 ሰው ለ7 ሌሊት ቢከራይ፣ የቱሪስት ግብሩ በሰው በሌሊት 2 ዩሮ ቢሆን 140 ዩሮ ነው። የመጨረሻ ጽዳት 300 ቢባል፣ ኤሲው በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ በ50 ሳንቲም ቢታሰብ 210 ይሆናል። በድምሩ 650 ዩሮ ከኪራዩ ውጭ ወጣ ማለት ነው፤ የገንዳ ማሞቂያና ተመላሽ መያዣው ገና አልተነኩም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት አከራዩ እያንዳንዱን በጽሑፍ ይመልስ፤ መብራት በቆጣሪ ነው ወይስ በኪራዩ ውስጥ? መያዣው በስንት ቀን ይመለሳል? በሚያዝያና በጥቅምት ለሚሄድ የቤት ማሞቂያው ይጠየቅ። የጋዝ መስመር ያልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች በታንከር ጋዝ ይሞቃሉ፤ በፍጆታ ሲታሰብ ኪስ ያራቁታል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳም ቶሎ አይሞቅም።

ጥቂት ሰው የሚጠይቀው፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ደግሞ የመብራቱ አቅም ነው። በጣሊያን የተለመደው የቤት ውል 3 ኪሎዋት ነው። ኤሲ፣ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ አብረው ሲሠሩ ቆጣሪው መብራቱን ያጠፋል፤ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ አጥር በር ላይ ስለሆነ በጨለማ መውጣት አለ። ለ10 ሰው ቤት 10 ኪሎዋት ብትጠይቁ አልበዛም። ከአሜሪካ ምጣድ ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ተዉት፤ ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ በጣሊያን 230 ቮልት ይቃጠላል።

ሉካም ነውር አላት። ሜዳ ስለሆነች በሐምሌ ትታፈናለች፣ ትንኙም ብዙ ነው፤ በየመኝታ ቤቱ መስኮት የትንኝ መረብ መኖሩን በፎቶ አረጋግጡ። በጥቅምት መጨረሻ ግድም የኮሚክስ ፌስቲቫሉ ሲደርስ ማደሪያ ይጠፋል፣ ዋጋም ይሰቀላል።

የሌላ ሰው ቪላ ፎቶ ሰርቆ ቀብድ የሚሰበስብ አጭበርባሪ ግን ኪያንቲም ሉካም አለ። መከላከያው «ሲ አይ ኤን» የተባለው ብሔራዊ መለያ ቁጥር ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በማስታወቂያውም በበሩም ላይ መኖር አለበት። ቁጥሩ በአይ ቲ (IT) ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አኃዞች አውራጃውን ይናገራሉ፦ 046 ሉካ፣ 048 ፍሎረንስ፣ 052 ሲዬና። «ፍሎረንስ አጠገብ» ተብሎ 052 ካያችሁ ቤቱ ሲዬና አውራጃ ነው። ቁጥሩን አልሰጥም ያለ፣ ወይም ከድረ ገጹ ወጥታችሁ በባንክ ሐዋላ ላኩልኝ ያለ አከራይ ቤቱ ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ።