ባዛልት ወይስ መስታወት፦ ለአዳማ የሚበጀው የትኛው ክር ነው?
በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚዞሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎች በአብዛኛው የመስታወት ክር በሙጫ ተያይዞ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሥራቸው ያለው ምድር ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከዚህ ድንጋይ አንዱ ዓይነት የሆነው ባዛልትም ቀልጦ ክር ይሆናል።

የመስታወት ክር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በፋብሪካ ስለሚመረት ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ጥራቱም ወጥ ነው፤ ሆኖም ሲሊካ አሸዋ፣ የኖራ ድንጋይና ሌሎች ማዕድናት በጥንቃቄ ተመጥነው መቀላቀል አለባቸው።

ባዛልት ተጨማሪ አይፈልግም፤ ድንጋዩ ተሰባብሮና ታጥቦ ከ1400 እስከ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጥና፣ ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ በተሠራ ሳህን ቀዳዳዎች በኩል ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ ይሳባል። ከመስታወት ክር የበለጠ ሙቀት ስለሚችልም ለእሳት መከላከያ ጨርቅ ይመረጣል። አስቸጋሪው ነገር ቅላጩ ጥቁር በመሆኑ ሙቀቱን ከላይ ውጦ ማስቀረቱ ነው፤ የታችኛው ክፍል እኩል ካልሞቀ ክሩ እየተበጠሰ ያስቸግራል።

እኔ ለባዛልቱ አደላለሁ። ነገር ግን ለመንገድና ለብሎኬት የሚጫነውን ቀዳዳ የበዛበት ቀይ አሽ በእጁ የያዘ ሰው እንደሚያስተውለው፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለክር የሚሆነው ሲሊካው ከ46 በመቶ በላይ የሆነ፣ ይዘቱም ከካባ ካባ የማይለዋወጥ ባዛልት ነው። ስለዚህ ምድጃ ከመግዛት በፊት የድንጋዩ ናሙና በቤተ ሙከራ ይመርመር።